ከዋንዛ የተሠራ ዓሣ፦ ከጎንደር እስከ ጎርጎራ

ጥር 14

ጥምቀት አልፎ ከተማው ጸጥ ሲል ወደ ሥራ ቤቴ ተመለስኩ። ከበዓሉ በፊት ለአንድ ቤት በር ስሠራ የተረፈኝ የዋንዛ ቁራጭ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ርዝመቱ ክንድ ያህል፣ ውፍረቱ ሦስት ጣት ነው። ዛሬ አነሣሁትና ሞርሳ ላይ አሰርኩት። ዓሣ ላደርገው ነው።

ሐሳቡ ከዓመት በላይ ሲመላለስብኝ ቆይቷል። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ አንድ ወፍራም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከነክር ማጠንጠኛው አመጣልኝና እዚያ ሰዎች እንዴት እንደሚጠቀሙበት በስልኩ አሳየኝ። ትል የለም፣ ሊጥ የለም። ከእንጨት ወይም ከላስቲክ የተሠራ፣ ስንዝር የሚሞላ ዓሣ ይወረውራሉ። ቀስ ብለው ሲስቡት ወገቡ ላይ እየታጠፈ ይዋኛል፤ ትልቅ ዓሣ ከሥር ወጥቶ ይውጠዋል። ስዊምቤት ይሉታል። እኔ እዚህ ማስታወሻ ላይ የእንጨት ዓሣ እለዋለሁ።

እነሱ የሚይዙት ባስ የሚባለውን ሰፊ አፍ ያለው ዓሣ ነው። ባስ ጣና ውስጥ የለም። በእኛ አካባቢ የሚገኘው ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ሲሆን፣ እዚያም በእ.ኤ.አ. 1929 ከአሜሪካ መጥቶ የተጨመረ ነው። ትልልቁ የእንጨት ዓሣ የተስፋፋው በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። እዚያ የግድብ ሐይቆች ውስጥ በብርዱ ወራት ትራውት የሚባል ዓሣ ይጨመራል፤ ባሶቹ ይህንን ትራውት እየበሉ ከመጠን በላይ ወፈሩ። ካስታይክ ከሚባለው ሐይቅ በእ.ኤ.አ. 1991 አሥር ኪሎ የሚጠጋ ባስ ወጥቷል። አጥማጆቹም ዓሣው የለመደውን ምግብ መጠን እያዩ ማባበያቸውን አሳደጉት። ታሪኩን ስሰማ የያዘኝ ይኸው ነው፤ የማባበያውን ልክ የወሰነው ዓሣው ራሱ ነው።

እና ጣና? ጣና ውስጥ እኛ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚለው ወገን 15 ዓይነት አለው። ከእነዚህ ውስጥ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ለብቻቸው ተዘግተው ኖረው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ተለያይተው የበቀሉ ናቸው። ዓሣ አዳኝ ካለ የእንጨት ዓሣም የሚከተል ይኖራል ብዬ ተነሣሁ።

ጥር 16

ዋንዛው እጄ ላይ ስላለ ብቻ እንዳልወስነው አራት እንጨት አወዳደርኩ፦ ዋንዛ፣ ግራቪሊያ፣ ባሕር ዛፍና ቆርች። ከእያንዳንዳቸው እኩል የሆነ ዝርግ ቁራጭ ቆርጬ ሳፋ ውስጥ አንሳፈፍኩና ውኃው የደረሰበትን በእርሳስ አሰመርኩ። ግማሹ ከጠለቀ እንጨቱ ከውኃ ግማሽ ይመዝናል ማለት ነው፤ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ባሕር ዛፉ ጫፉን ብቻ አስቀርቶ ጠለቀ። ግራቪሊያው ከግማሽ አለፍ አለ። ዋንዛው ከግማሽ ትንሽ አነሰ። ቆርቹ ግን ሲሶው ብቻ ነው የጠለቀው፤ እንደ ቡሽ ነው። በጥፍር ሲጫኑት ግን ይሰረጎዳል፣ የገባበትንም ብሎን አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ ቆርችን ትቼዋለሁ።

ከባድ እንጨት ለምን እንደማይሆን ለማያውቅ ልንገር። ዓሣው ውኃ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሆዱ ሥር በሚቀበር የእርሳስ ብረት ነው። እንጨቱ ራሱ ከባድ ከሆነ ለእርሳሱ የሚተርፍ ቦታ የለም፤ ዓሣው ይሰምጣል፣ ሲሳብም በጎኑ ይገለበጣል። ቀላል እንጨት ከላይ፣ ከባድ ብረት ከታች መሆን አለበት። ዋንዛ ለዚህ ልኩ ነው። ደግሞም አይሰነጠቅም፣ አይጣመምም። ከበሮ የምንፈለፍልበት፣ የቤተ ክርስቲያን በር የምንሠራበት በከንቱ አይደለም።

ጥር 18

ከገበያ ሁለት ዓሣ ገዝቼ በካርቶን ላይ ቅርጻቸውን አነሣሁ። አንዱ ቀረሶ ነበር፤ ከፍታው በዛብኝና ተውኩት። ሌላው ቀጠን ያለ ነው፣ እሱን ወሰድኩ። ርዝመት 20 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታ 4 ከግማሽ፣ ውፍረት 2 ነጥብ 6። በመጋዝ ቆረጥኩ፣ በመሮ ጠረብኩ፣ በሞረድ አለሰለስኩ።

ዙሪያውን በሙሉ፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት፣ በጀርባውም በሆዱም የመሐል መስመር አሰመርኩ። ይህ መስመር እስከ መጨረሻው ብርጭቆ ወረቀት ድረስ መጥፋት የለበትም። ግራና ቀኙ አንድ ሚሊ ሜትር ከተለያየ ዓሣው ወደ አንድ ወገን እያዘነበለ ይዋኛል። በር ስሠራ አንድ ሚሊ ሜትር አላየሁም ብዬ ላልፍ እችላለሁ፤ እዚህ አይቻልም።

ጥር 21

መገጣጠሚያው። የዚህ ሥራ ልብ ይሄ ነው።

ወገቡን የቆረጥኩት ከአፍንጫው 12 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ለኋላው 8 ቀረ። የፊተኛውን ክፍል መጨረሻ እንደ ጣሪያ ጫፍ ሾል አድርጌ ግራና ቀኙን ገፈፍኩት። የኋለኛው ፊት ዝርግ ነው። ኋለኛው ላይ ከላይና ከታች ሁለት የሽቦ ቀለበት ሰካሁ፤ ቀለበቶቹ ፊተኛው ጫፍ ላይ በሰነጠቅኩላቸው ቦታ ይገባሉ፣ ከጀርባ እስከ ሆድ በሚወርድ አንድ ቀጭን ዘንግ ይታሰራሉ። ዘንጉ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ የወጣ የማይዝግ ሽቦ ነው፣ 2 ሚሊ ሜትር። እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ የማውቀው ሥራ ነው ብዬ ጀመርኩት።

ማታ ላይ ገጠምኩት። ጅራቱ ወደ ቀኝ በደንብ ይታጠፋል፣ ወደ ግራ ግን ተንገጫግጮ ይቆማል።

ጥር 22

ስሕተቱን አገኘሁት። ትራፓኖውን በእጄ ይዤ ስለበሳሁ የዘንጉ ቀዳዳ ከላይ መሐል ላይ ጀምሮ ከታች ወደ ጎን ወጥቷል። ልዩነቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ግን ማጠፊያው ዘመመ። ቀዳዳውን በዋንዛ ችንካርና በኮላ ደፍኜ ሌሊቱን አሳደርኩት። ዛሬ እንጨቱን በሞርሳ አስሬ፣ በጎን በኩል ማዕዘን ማስተካከያ አቁሜ፣ ከላይ ግማሹን ከታች ግማሹን በሳሁ። መሐል ላይ ተገናኙ። አሁን ጅራቱ በእስትንፋስ ይወዛወዛል።

የመታጠፊያው ስፋት ላይም ጊዜ ወሰድኩ። መጀመሪያ የገፈፍኩት ጥቂት ስለነበር ጅራቱ ብዙ ሳይዞር እንጨት ከእንጨት ይጋጠም ነበር፤ እንዲህ ከሆነ ዓሣው እንደ ደረቅ ዱላ ነው የሚሳበው። ከልክ በላይ ከተገፈፈ ደግሞ ወገቡ ሁለት ላይ ታጥፎ ይቀራል። በሞረድ ጥቂት በጥቂት እያነሣሁ፣ ከቀጥታው ወደ እያንዳንዱ ጎን የቀጤ ማዕዘን ሲሶ ያህል እንዲዞር አድርጌ አቆምኩ።

ጥር 27

እርሳስ። ከጎማ ቤት አሮጌ የጎማ ባላንስ እርሳስ ለመንኩ፤ ጎማ ሠሪው አንድ እፍኝ በነፃ ሰጠኝ። ሰው ብዙ ጊዜ አቅልጦ ያፈሳል። እኔ ግን ጭሱን ፈርቼ፣ እርጥበት ከነካውም እንደሚፈነዳ ስለማውቅ በቅዝቃዜው ነው የሠራሁት። በመዶሻ ጠፍጥፌ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ ጠቅልዬ ጉድጓድ ውስጥ ቀጠቀጥኩት። እርሳስ ልል ስለሆነ እንደ ጭቃ ይሞላል። ስጨርስ እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፤ ልጆቹንም ከሥራ ቤቱ አስወጥቼ ነበር።

ስንት ግራም? እንደ ደንቡ ዓሣው ሳይንሳፈፍም ሳይሰምጥም እንዲቆም ክብደቱ ከሚገፋው ውኃ ክብደት ጋር እኩል መሆን አለበት። አፉ ድረስ የሞላ ዕቃ ውስጥ ዓሣውን በቀጭን ሽቦ ደፍቄ የፈሰሰውን ውኃ ለካሁ፦ 129 ሚሊ ሊትር። መንጠቆዎቹ ሲጨመሩ 132 ገደማ። የቤት ሚዛን ለዚህ አይሆንም፤ ስለዚህ ፒያሳ ወርቅ ቤት ወዳለው ጎረቤታችን ሄድኩ። "ጋሼ፣ እንጨት ልመዝን ነው የመጣሁት" ስለው ሳቅ ብሎ በወርቁ ሚዛን መዘነልኝ። እንጨቱ 62 ግራም። ሁለቱ ባለ ሦስት ጣት መንጠቆዎች፣ ቀለበቱና ዘንጉ 24 ግራም። ለቀለምና ለቫርኒሽ 4 ግራም ያዝኩ። የቀረው 42 ነው፤ ጉድጓዱ ራሱ 2 ግራም ያህል እንጨት ስለሚያስወጣ እርሳሱ 44 ግራም ሆነ።

አራት ጉድጓድ በሳሁ፣ ስፋታቸው 10 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀታቸው 14። ሦስቱ ፊተኛው ክፍል ሆድ ላይ፣ አንዱ ኋለኛው ላይ። ሁሉም በመሐሉ መስመር ላይ ናቸው።

የካቲት 3

የተልባ ዘይት አጠጣሁት። ተልባ በአየር የሚደርቅ ዘይት ነው፤ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይጠነክራል፣ ውኃ ቶሎ አያስገባም። ሦስት ጊዜ በስስ ቀብቼ በየመሐሉ ቀናት ሰጠሁት። የጎንደር በጋ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ፀሐይም ነፋስም አለ፤ አቧራው ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ለእንጨት ሠሪ ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ፦ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል። እኔ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጥለው።

የካቲት 10

ቀለም ቀባሁት። አሜሪካኖቹ የትራውቱን ነጠብጣብና ቅርፊት አንድ በአንድ ይሥላሉ፤ ውኃቸው ጥርት ያለ ስለሆነ ዓሣው ተጠግቶ ያያል። ጣና እንዲህ አይደለም። ወንዞቹ አፈር እየጫኑ ስለሚገቡ ውኃው ድፍርስ ነው፤ ክንድህን ስትነክር ጣቶችህን አታይም። ቅርፊት መሣል ለእኔ ዓይን እንጂ ለዓሣው ዓይን አይጠቅምም ብዬ ጀርባውን ጥቁር፣ ሆዱን ነጭ አድርጌ ተውኩት። ዓይኑን ግን አልተውኩም፤ ከጥቁር ቁልፍ ሠራሁለት። ጅራቱ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ነው።

ማታ በርሜል ውስጥ ለቀቅኩት። ቀጥ ብሎ፣ ጀርባው ከውኃው ሥር ሁለት ጣት ላይ ሆኖ ቆመ። አይወጣም፣ አይወርድም። ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት። ልጄም "አባዬ፣ ይተነፍሳል?" አለኝ።

የካቲት 16

ጎርጎራ። ከአዘዞ በጠዋት ሚኒባስ ያዝን፤ ቆላ ድባን፣ ጭዋሂትን አልፈን ደረስን። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ መጣ።

መጀመሪያ ያየሁት ነገር፦ በበርሜል ውስጥ ቆሞ የነበረው ዓሣ እዚህ ቀስ እያለ ይወርዳል። አሰብኩበት። በርሜሉ የጎንደር ሌሊት ያቀዘቀዘው ውኃ ነበር፤ የጣና ዳር ውኃ ደግሞ ሞቅ ያለ ነው፤ ሞቃት ውኃ ከቀዝቃዛው ይቀላል። ለ132 ግራም ዓሣ ልዩነቱ ሲሶ ግራም ያህል ነው። ሚዛኑ እስከዚህ ድረስ ስስ መሆኑን ሳይ ደስ አለኝ። ቀስ ብሎ መውረዱ ደግሞ የምፈልገው ነው።

ዋኘ። ይህን መጻፍ አለብኝ። ማጠንጠኛውን ሩብ ዙር አዙሬ ሳቆም ጭንቅላቱ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ጅራቱ ተከትሎ ይዞራል፤ ደግሜ ሳዞር ወደ ቀኝ። ውኃው የፊተኛውን ክፍል ጎን ሲገፋው ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ ያቃናዋል። እባብ አሸዋ ላይ የሚተወውን ዓይነት መንገድ ውኃ ላይ እየሠራ መጣልኝ። ወንድሜ ሌላ ምንም አላለም፣ "እንደገና ወርውረው" ብቻ።

እስከ ቀትር ከዳር፣ ከቀትር በኋላ ከአንድ ሽማግሌ አጥማጅ ታንኳ ላይ ሆኜ ወረወርኩ። የደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ ከባድ ነገር መወርወር ይከብዳል፤ ሰውነትህ ሲዞር ታንኳውም ይዞራል። ከመቶ ጊዜ በላይ ወርውሬአለሁ። ሁለት ጊዜ ከእንጨቱ ዓሣ ኋላ ውኃው ተገላበጠ፤ አንድ ነገር ተከትሎት መጥቶ ተመለሰ ማለት ነው። የነካው ግን የለም።

አመሻሽ ላይ ሽማግሌው መረባቸውን አወጡ። አንድ ሰፊ አፍ ያለው ነጭ ዓሣ ነበረበት፣ ከክንድ ትንሽ ያጠረ። አፉን ከፍቼ የእኔን እንጨት ከፊቱ ባደርገው የሚገባ ይመስላል።

"አባባ፣ ይኼን ያህል አፍ ይዞ ለምን የእኔን አልዋጠም?" አልኳቸው።

"አፉን አይዶለም ልጄ፣ ጉሮሮውን እይለት እንጅ" አሉና ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ቀለበት ጣታቸው መሐል ላይ ቆመ። ከዚያ በቢላ ሆዱን ከፍተው አንጀቱን ገለጡት። ውስጡ የተደቆሰ ትንሽ ዓሣ ነበር፣ የትንሿ ጣቴን ያህል።

የካቲት 18

ሁለት ቀን ስለ ጉሮሮ ሳስብ ነበር። ያነበብኩትንም ደግሜ አነበብኩ።

ባስ ሆድ አለው፣ አሲድ የሚያመነጭ እውነተኛ ጨጓራ። መንጋጋው ላይ የሚይዙ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት፤ ከራሱ ርዝመት ግማሽ የሚጠጋ ዓሣ ሳይቀር ሙሉውን ውጦ ቀስ በቀስ ይፈጨዋል። ስለዚህ ለባስ ስንዝር የሚያህል እንጨት መሥራት ትክክል ነው፤ አንድ ትልቅ ጉርሻ ከብዙ ትንንሽ ይሻለዋል።

የጣናው አዳኝ ከሌላ ቤተሰብ ነው፤ የካርፕ ወገን ነው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጨጓራም የለውም። ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው፤ ምግቡን እዚያ አድቅቆ ነው ወደ አንጀት የሚያሳልፈው። የጉሮሮው መግቢያ ጠባብ ነውና አፉ የቱንም ያህል ቢሰፋ የሚያሳልፈው ትንሽ ዓሣ ብቻ ነው። ከዚህ ወገን ብዙው በዓለም ላይ ዓሣ በመብላት አይታወቅም፤ የጣናዎቹ ዓሣ አዳኝ ሆነው መገኘታቸው ነው ተመራማሪዎችን ወደ ሐይቁ የሳበው። ሽማግሌው በአንድ ጣት ያሳዩኝ ያንኑ ነው።

ስለዚህ የሠራሁት ዓሣ የካሊፎርኒያ ባስ ልክ ነው። እንጨቱ የጎንደር ሆኖ ልኩ የሌላ አገር ቀረ። ሁለቱ የተከተሉት ዓሦች አይተው፣ ለክተው፣ ትተው ሄደዋል ብዬ አምናለሁ። ካሊፎርኒያዎቹ የሠሩትን ማባበያ ተከተልኩ እንጂ ያደረጉትን አላደረግሁም፤ እነሱ መጀመሪያ ዓሣቸው የሚበላውን ነበር ያዩት።

የካቲት 24

ዐቢይ ጾም ገብቷል፣ ገበያ ላይ ዓሣ ፈላጊ በዝቷል። እኔ ሁለተኛውን ጀመርኩ፦ 11 ሳንቲ ሜትር። መገጣጠሚያው ያው፣ የፊትና የኋላው ድርሻም ያው።

ርዝመቱ በግማሽ ገደማ ሲያንስ ሁሉም በግማሽ የሚያንስ ይመስላል። አይደለም። ርዝመቱም ከፍታውም ውፍረቱም ስለሚያንስ የሚገፋው ውኃ ወደ ስድስተኛ ወረደ፦ ከ129 ሚሊ ሊትር ወደ 21 ከግማሽ። እንጨቱ 10 ግራም ብቻ። መንጠቆና ሽቦ ግን እንደዚያ አይቀንሱም፤ ለጣና ዓሣ የሚችል መንጠቆ የራሱ ውፍረት ያስፈልገዋል። በጣም ትንሹን መርጬም 6 ግራም ከግማሽ ሆነ። ቀለሙን ስጨምር ለእርሳሱ የቀረው 4 ግራም ከግማሽ ነው፤ የመጀመሪያው አሥረኛ! ወርቅ ቤቱ ሚዛን ላይ ያለችውን ቅንጣት ሳያት ይቺ ዓሣ ታቆማለች ብዬ አላመንኩም።

አቆመች። ግን አንዲቱን ጉድጓድ ከፊት አስጠግቼ ስለበሳሁ አፍንጫዋ ደፋ አለ። ደፍኜ ወደ ኋላ 6 ሚሊ ሜትር አዛወርኳት። በትልቁ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ምንም አልነበረም።

የመንጠቆዎቹን ቀንድ በፒንሳ ደፈጠጥኩ። ትንሽ ሆኖ የሚመጣ ዓሣ ሳይቀደድ ይለቀቅልኛል።

መጋቢት 9

ጎርጎራ፣ ሁለተኛ ጊዜ። ሽማግሌው ዳር ላይ ሆነው ትንሹን ዓሣ እጃቸው ላይ አገላበጡትና "አሁን ምግብ መሰለ" አሉኝ።

ነፋስ ስለነበረ ታንኳ አልወጣንም። ድንጋያማው ዳር ላይ፣ ጥልቀቱ በድንገት የሚጨምርበት ቦታ አሳዩኝ። ጣና በጥቅሉ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ በጣም የጠለቀው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ለአዳኝ ዓሣ ይመቻል። እምቦጩም እዚህ አልደረሰም። ወደ መገጭ ወንዝ አፍ በኩል በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ የሰሜን ምሥራቁን ዳር ሸፍኖታል፤ እዚያ ይሄን ዓሣ ብወረውር እያንዳንዱ መንጠቆ አረም ይዞ ነው የሚመለሰው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት አንድ ጊዜ ተነካሁ፣ አልያዘም። ከዚያ ረጅም ጸጥታ። መሳቢያውን አዘገየሁት፤ ሩብ ዙር፣ እስከ ሦስት ቆጥሬ ሌላ ሩብ ዙር። ዓሣው ሲቆም ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሲሳብ ወደ ጎን ይሸሻል። ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ ቆሞ በነበረበት ቅጽበት፣ ክሩ ወደ ጎን ሄደ። አልደነገጠም፣ አልዘለለም። ሄደ ብቻ። ዘንጉን አነሣሁ፤ ከበደኝ።

የጣና ዓሣ አጥብቆ ይጎትታል። ሁለት ጊዜ ወደ ድንጋዩ ሊገባ ሲል ወንድሜ እየጮኸ ነገረኝ። ሽማግሌው ግን "ተወው፣ ይሂድ፣ ይድከም" እያሉ ከጎኔ ቆሙ። ሲወጣ 43 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ኪሎ አይሞላም። ሰውነቱ ቀጠን ያለ፣ ጀርባው የጠቆረ፣ አፉ እስከ ዓይኑ ሥር የሚከፈት። ኋለኛው መንጠቆ ከንፈሩ ጥግ ላይ ነበር። ዋንዛው ላይ ግን ምንም ጭረት የለም። ጥርስ ቢኖረው ምልክት ይተው ነበር።

ዓሣውን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። ሲከፍቱት እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ሁለት ትንንሽ ዓሦች ወጡ፤ አንዱ ስላልተደቆሰ ለካሁት፦ 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል።

ሲመሽ ስለ ድሮው ነገሩኝ። በሐምሌ ወንዞቹ ሲሞሉ ነጭ ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ በመገጭና በድርማ ሽቅብ ይሄድ ነበር፤ ውኃው በዓሣ ጀርባ ይጠቁር ነበር አሉ። አሁን ያ የለም። ያነበብኩትም ይኸንኑ ነው፦ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በአሥር ዓመት ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዷል። አንዱ ትልቅ ምክንያት ለመራባት ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መረብ መዘርጋቱ ነው። ዕንቁላሏን ሳትጥል የምትያዝ ዓሣ የሚቀጥለውን ዓመት ይዛ ነው የምትሄደው። ስለዚህ እኔ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አልወረውርም። ለሽማግሌውም ነገርኳቸው፣ "ደግ አስበሃል" አሉ።

መጋቢት 21

ሦስተኛው 8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 6 ተኩሉን ካየሁ በኋላ 11 ራሱ በዝቷል።

ሒሳቡን ስሠራው ግን ዋንዛ እምቢ አለኝ። 8 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚገፋው ውኃ 8 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። እንጨቱ 4 ግራም፣ አንድ መንጠቆና ሽቦው 4 ግራም፣ ከዚያ ቀለም። ሞላ። ለእርሳስ የቀረ ምንም የለም፣ እርሳስ ከሌለ ደግሞ ዓሣው በጎኑ ይተኛል።

ስለዚህ ጥር ላይ የጣልኩትን ቆርች ከቁርጥራጩ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁት። ክብደቱ ሁለት ግራም ከግማሽ ብቻ ይሆናል፤ አንድ ግራም ከግማሽ እርሳስ ሆዱ ሥር ይገባል። ብሎን እንደማይዝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ብሎን አልጠቀምም። ከአፍንጫው እስከ ወገቡ፣ ከወገቡ እስከ ጅራቱ፣ አንድ አንድ ሽቦ በውስጡ አልፎ ጫፍ ጫፉ ላይ ቀለበት ይሆናል፤ ዓሣው ሲጎትት የሚይዘው ሽቦው ነው፣ ቆርቹ ልብሱ ብቻ ነው። እንዲጠነክርም የተልባውን ዘይት አብዝቼ አጠጣዋለሁ።

ዛሬ ቅርጹን በካርቶን አንሥቼ የመሐሉን መስመር አሰመርኩ። ቆርቹ በደንብ ስላልደረቀ ጥላ ላይ ሰቅየዋለሁ።